ንቦቹ ወንዙን የተሻገሩ ዕለት

የፊተኛው ጋሪ ቁልቁለቱን ሲወርድ የእንጨት ፍሬኑ እንደ ፍየል ጮኸ። ሰው የንብ እናት የሚላት ባለቀፎ ሴት ልጓሙን በሁለት እጇ ሳብ አደረገችና «ቀስ በይ እንጂ የኔ ልዕልት፤ ከኋላሽ ያለው ድንች አይደለም» አለቻት በቅሎዋን። በቅሎዋም ነገሩ የገባት ይመስል ጆሮዋን ቀስራ እርምጃዋን አሳጠረች።

ከኋላ፣ ከሸራው ሥር፣ ቀፎዎቹ ጎን ለጎን ተደርድረው በገመድ ታስረዋል። የሁሉም አፍ በሽቦ ወንፊት ተከድኗል። ውስጥ ያለው ሕዝብ መንገዱን በሙሉ ሲንገጫገጭ ስላደረ አኩርፎ ያጉረመርማል። የንብ እናት ይህን ማጉረምረም ታውቀዋለች። ሰው ከእንቅልፉ ሲቀሰቅሱት እንደሚያሰማው ዓይነት ነው፤ ቁጣ አለው፣ ክፋት ግን የለውም።

ሁለተኛውን ጋሪ የሚነዳው የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ነው። አገሩ ሁሉ ባለጋሪው ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ ንብ ሲያጓጉዝ ኖሮ ዛሬም ንብ ይፈራል፤ ፍርሃቱንም አይደብቅም።

«እትዬ! ፍሬኑ አልይዝ አለኝ!» ብሎ ጮኸ ከበላይዋ።

«ፍሬኑ ምን በደለ? ዓይንህን ቀፎው ላይ ተክለህ መንገዱን ማን ይይልህ!»

«ምን ላድርግ፤ እነሱም እኮ እያዩኝ ነው!»

የንብ እናት ሳቀች። ፀሐይዋ ገና መውጣቷ ነው፤ ታች ሸለቆው ውስጥ ትልቁ ወንዝ ጉሙን እያራገፈ ነው። ከወንዙ ማዶ ያለው ኮረብታ ነጭ ሆኗል። የፖም ዛፎቹ አብበዋል ማለት ነው። ልክ በጊዜያቸው ደርሰዋል።

በየዓመቱ እንዲህ ነበር። በእሷ በኩል ያለው አገር ደረቅ ነው፤ በዚህ ወራት ለንብ የሚሆን አበባ የለውም። ማዶ ደግሞ ፖም እንጂ ንብ የለም። ስለዚህ ባሏ በሕይወት ሳለ ከባሏ ጋር፣ ከእሱም ወዲህ ከወንድሙ ጋር፣ ቀፎዎቿን ጭና ድልድዩን ትሻገራለች፤ አበባው እስኪረግፍም እዚያው ትሰነብታለች። ለባለፖሞቹ ዛፋቸው ፍሬ ይይዝላቸዋል፤ ለእሷ ማሩ ይተርፋታል። አንድ ዓመት ላይ ደግሞ ከማሩ ሌላ አማች ተርፏታል። አንድ ወጣት ባለፖም ልጅዋን አየሁ ብሎ አፉን ከፍቶ ሲቀር ንብ ከንፈሩን ነደፈችው። ልጅቱ መውጊያውን በጥፍሯ አወጣችለት፤ ዛሬ ባሏ ነው። ባለጋሪው ይህን ታሪክ ባወራ ቁጥር «ሽማግሌ ሳይልክ ንብ የላከ እሱ ብቻ ነው» ይላል።

ዘንድሮ ግን ነገር ተበላሽቷል።

ድልድዩ የሁለት አገሮች ድንበር ነው። ሁለቱም የሰባቱ አገሮች የገበያ ኅብረት አባል ስለነበሩ ከአንድ ትውልድ በላይ ማንም ማንንም ምን ጫንህ ብሎ አይጠይቅም ነበር። የድሮው ኬላ ማገጃ ተነቅሎ የዶሮ ቤት ከተሠራበት ቆይቷል። ኋላ በየዋና ከተማው ያሉ ጌቶች ተጣሉ። የጨው ዋጋ ነው ያጣላቸው የሚል አለ፤ የክብር ነገር ነው የሚልም አለ። ሁለት ክረምት ተደራደሩ፤ የቴሌግራፉ ሽቦ እስኪግል ድረስ ተላላኩ። የተቆረጠው ቀን ያለ ስምምነት ደረሰና የንብ እናት አገር ከኅብረቱ ወጣች። ሰባት የነበሩት ስድስት ቀሩ። በዋና ከተማው መድፍ ተተኮሰ ተባለ። ወንዙ ዳር የተሰማው ግን የመጋዝ ድምፅ ነበር፤ አናጢዎቹ አዲስ ማገጃ ሲቆርጡ።

የንብ እናት ይህን ሁሉ ሰምታለች። ሆኖም አበባ ስምምነት አይጠብቅም ብላ ጫነች።

ቁልቁለቱ ሲያልቅ ሰልፉን አየችው። ከድልድዩ አፍ ጀምሮ እስከ ኖራ ማቃጠያው ድረስ ጋሪ ከጋሪ ተነካክቶ ቆሟል። ቲማቲም የጫነ ነጋዴ ከታች የፈረጠበትን እየለቀመ ለበቅሎዎቹ ያበላል። ቆዳ የጫነ አንድ ሰው ማንም ስለማይጠጋው ብቻውን ቁጭ ብሏል። መስታወት ነጋዴው ዕቃው እንዳይሰበር አውርዶ በአጥሩ ላይ ስላስደገፈው ሰልፈኛው ሁሉ እየመጣ ጢሙን ይላጭበታል።

«ስንት ጊዜ ሆናችሁ?» አለችው የንብ እናት።

«እኔ ስመጣ ጢም አልነበረኝም፤ ይኸው ሁለቴ ተላጨሁ» አላት መስታወት ነጋዴው። «ማዶኞቹ ወረቀት አምጡ ይላሉ፤ ወረቀቱን ማን እንደሚፈርም ግን እነሱም አያውቁም። የእኛዎቹም አያውቁም። አንቺ ምን ይዘሽ ነው?»

«ንብ።»

ሰውየው ከጋሪው ራቅ አለ። ከዚያ ዞሮ በሰልፉ ላይ «ንብ ነው የያዘችው! አሳልፏት!» ብሎ ጮኸ። እንደዚያን ቀን ሰልፈኛ በፈቃዱ ተራውን ለቆ አያውቅም። ጋሪዎች ወደ ግራ ወደ ቀኝ ተጠጉ፤ በቅሎዎች ዓይናቸው በጨርቅ ተሸፈነ። የንብ እናትም እንደ ሙሽራ መሀል ለመሀል አልፋ ማገጃው ደረሰች። ማገጃው እንጨቱ ገና እርጥብ ነው፤ ቀለሙ ጣት ላይ ይለጠፋል።

የኬላው አዛዥ ሻምበል ነው። ከዋና ከተማ የተላከ፣ የነሐስ ቁልፎቹ የሚያብረቀርቁ፣ ዓይኑ በእንቅልፍ ማጣት የቀላ ሰው። ካፖርቱን ሳያወልቅ ወጣና ለዕድሜዋ አክብሮት ራሱን ዝቅ አደረገ።

«እንደምን አደሩ እናቴ። ምን ጭነዋል?»

«ንብ ነው ጌታዬ።»

«ማር ለማለት ነው?»

«ማሩስ ገና ነው። ንቡ ነው።»

ሻምበሉ የያዘውን የቀረጥ ሰንጠረዥ ገለጠ፤ አገላብጦም አየ። ባለጋሪው ጋሪው ላይ እንደተቀመጠ በጉርምርምታ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለ። የንብ እናት በዓይኗ ገሠጸችው። ሻምበሉ ሰምቷል፤ ሆኖም አልተቆጣም።

«እውነትዎን ነው ወንድሜ» አለው። «ብለቀው እኔን የሚለቀኝ የለም።» ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «እናቴ፣ መውጣቱን አልከለክልዎም፤ ለሚወጣ ዕቃ እኛ ቀረጥ አንጠይቅም። ማዶ ግን ከትናንት ጀምሮ አንድ ጋሪ አላስገቡም። ከዚህ ማገጃ አልፈው እነሱ ከመለሱዎት ደግሞ ቀፎዎቹ ለእኔ የውጭ ዕቃ ናቸው። ሲገቡ ይቀረጣሉ።»

«የገዛ ቀፎዬ?»

«የገዛ ቀፎዎ።»

«ብዙ ነው ቀረጡ?»

ሻምበሉ አፈረ። «ግማሹን ሸጠው ግማሹን ቢያስገቡ ነው።»

«ባሌ እኮ ነው በእጁ የሠራቸው ጌታዬ። እያንዳንዱን ሳንቃ እኔ ነኝ የያዝኩለት።»

«ይገባኛል እናቴ። ሕጉ ግን ባልዎን አያውቅም።»

ይህን ያለው በማላገጥ አልነበረም፤ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ስለዚህ ልትቆጣው ፈልጋ አቃታት። ጋሪዋን ወደ አጥሩ ጥግ ጎትታ ማሰብ ጀመረች።

ፀሐይዋ እየበረታች ሄደች። ወንዙ ዳር ዛፍ የለም፤ የኖራ ማቃጠያው ጭስና ነጭ አቧራ ብቻ ነው። ባለጋሪው በባልዲ ውኃ እያመጣ ሸራውን አራሰ። ሲደርቅ ደግሞ አራሰ። ቲማቲሙ ይፈላ ጀመር፤ የቆዳው ነገርማ አይወራም። ቀትር ሲቃረብ የንብ እናት የቀፎዎቹ ድምፅ ሲለወጥ ሰማች። የጠዋቱ ማጉረምረም ጠፍቶ አንድ ወጥ የሆነ ከፍ ያለ ጩኸት ተተካ። ሸራውን ገልጣ ጆሮዋን በአንዱ ቀፎ ላይ አስደገፈች። ሳንቃው እንደ ታመመ ልጅ ግንባር ይፋጃል።

«ምነው?» አለ ባለጋሪው። ፊቷን አይቶ ቀልዱን ተወው።

«ታፍነዋል። ሁሉም ክንፉን እያራገበ ነው፤ ባራገቡ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ይሞቃቸዋል። ትንሽ ከቆዩ ሰፈፉ ቀልጦ ይወርድባቸዋል።»

«ወደ ቤት እንመለስ።»

«የሌሊት መንገድ እኮ ነው። በዚህ ፀሐይ ዳገቱን ሳንጨርስ ያልቃሉ።»

«እዚሁ ብንከፍታቸውስ?»

የንብ እናት ሰልፉን በእጇ አሳየችው። በአንድ መንገድ ላይ የታጨቀ በቅሎ፣ ፈረስ፣ ሰው። «የተቆጣ ንብ እዚህ መሀል ብለቅ ማን ይተርፋል? ደግሞስ ምን ሊቀስሙ? ኖራ? በዚህ በኩል ወንዙ ሰፊ ነው፤ ነፋሱም ጭነት የያዘች ንብ ውኃ ላይ ይጥላል።»

ድልድዩ ከፊታቸው ተዘርግቷል። መሀሉ ላይ በደሴት ያርፋል፤ ረጅም፣ ሣር የለበሰ፣ ጫፉ ላይ ሸንበቆ የበቀለበት ደሴት። ድልድዩ ሳይሠራ በፊት ጀልባ የሚቆምበት ነበር፤ የጀልበኞቹ የድንጋይ ቤት ዛሬም አለ። ከደሴቱ ወዲያ ያለው የወንዙ ክንድ ጠባብ ነው፤ የፖሙ ኮረብታ ከእዚያው ከውኃው ዳር ይጀምራል። ሁለቱ ኬላዎች በድልድዩ ሁለት ጫፎች ላይ ስለቆሙ ደሴቱ በመሀል ቀርቷል።

ባለጋሪው ዓይኗን ተከትሎ አየ። «እትዬ፣ እዚያ ከገባን እኮ መመለሻ የለንም።»

«አውቃለሁ።»

«ቀፎዎቹን ይወርሱብናል። የወንድሜ እጅ ያረፈበት ዕቃ ነው።»

ባሏ ታያት፤ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ሳንቃውን በአንድ ዓይኑ እያስተካከለ። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የሠራውን ቀፎ ሳይሆን በውስጡ የሚያኖረውን ንብ ይወድ ነበር። ንብ ሲሞትበት ምሳ አይበላም።

«ቀፎውን ይውረሱት» አለች። «ሕዝቡ ግን እኔ ቆሜ እያየሁት አይሞትም። በቅሎዋን አዙር።»

ሻምበሉ ስትመጣ ሲያያት ሐሳቧ ገባው። ወታደሮቹን አላዘዘም፤ ራሱ ሄዶ ማገጃውን አነሣው። እርጥቡ ቀለም መዳፉን ቀይ አደረገው። «እግዜር ይርዳዎት እናቴ» አለ ቀስ ብሎ፤ እሷም «አሜን፣ ለእርስዎም እንቅልፍ ይስጥዎት» ብላው አለፈች። ከኋላዋ መስታወት ነጋዴው ባርኔጣውን አውልቆ ሲያውለበልብ ታየ።

ደሴቱ ላይ ወንዙ ከተራራ ይዞት የወረደ ቀዝቃዛ አየር ነበር። ጋሪዎቹን ከድልድዩ በሚያወርደው ተዳፋት አስገብተው ቀፎዎቹን በሸንበቆው ጥላ ሥር፣ አፋቸውን ወደ ፖሙ ኮረብታ አድርገው ደረደሯቸው። ባለጋሪው የመጨረሻዋን እንዳስቀመጠ በቅሎዎቹን ፈትቶ «እነዚህ ምስኪኖች ልጆች አሏቸው» እያለ ወደ ደሴቱ ሌላ ጫፍ ነዳቸው። በቅሎ እንደማይወልድ ልታስታውሰው ፈልጋ ተወችው።

ማጨሻውን ለኮሰች። ጭሱን በየቀፎው አፍ ለስለስ አድርጋ ካስገባች በኋላ ወንፊቶቹን አንድ በአንድ ነቀለች። መጀመሪያ ማንም አልወጣም። ከዚያ ከየአፉ እንደ ቡናማ ውኃ ፈሰሱ። አልነደፉም፤ ጉልበቱም አልነበራቸውም። ከደጃቸው ላይ ተሰትረው ቀዝቃዛውን አየር ወደ ውስጥ ማራገብ ጀመሩ። ጥቂቶቹ እርጥብ አሸዋው ላይ ወርደው ውኃ ጠጡ። ከሁለት ቀፎዎች ብዙ ሬሳ ወጣ፤ የንብ እናት በመዳፏ ጠርጋ ሣሩ ላይ አኖረቻቸው፤ ዓይኗም ረጠበ። የቀሩት ግን ደኅና ነበሩ። ቀስ በቀስ ጩኸቱ ዝቅ አለ።

ከዚያ መዞር ጀመሩ። ፊታቸውን ወደ ቀፎው አድርገው፣ መጀመሪያ ጠበብ፣ ቀጥሎ ሰፋ አድርገው ይዞራሉ፤ አዲስ ቤት ሲሰጣቸው እንዲህ ነው ደጁን የሚያጠኑት። አንዲቱ ከክቡ ወጥታ ቀጥ ብላ ጠባቡን ውኃ ተሻገረች። ሌላዋ ተከተለቻት። ጥቂት ቆይቶ ከደሴቱ እስከ ኮረብታው ድረስ በፀሐይ የሚያብለጨልጭ ክር የተዘረጋ መሰለ።

የማዶውን ኬላ ሹም ያመጣው ይህ ክር ነው።

ሹሙ ወፍራምና ሸበቶ ነው። ራሱን እስከ አንገቱ በነጭ ፎጣ ጠቅልሎ፣ በአንድ እጁ ጥላ፣ በሌላው ከዘራ ይዞ በድልድዩ ደረጃ ወረደ። ሩቅ ሳለ ቆመ።

«እሜቴ! ምንድን ናቸው እነዚህ?»

«ንቦች ናቸው ጌታዬ።»

«እሱንስ አይቻለሁ! ወዴት ነው የሚሄዱት?»

«አበባ ወዳለበት።»

«አበባው ያለው እኔ አገር ነው!»

«እንግዲያው እዚያ ነው የሚሄዱት።»

ሹሙ ፎጣውን አስተካከለ። «ያለ ፈቃድ? በሰንጠረዡ ውስጥ ንብ የሚል የለም። ከሌለ ደግሞ መመሪያው ግልጽ ነው፤ እስትንፋስ ያለው ሁሉ ከብት ነው። ከብት በራስ ተቆጥሮ ይቀረጣል። ስንት ናቸው?»

ባለጋሪው ከደሴቱ ጫፍ ሆኖ «መቁጠሩን ጀምረን ነበር ጌታዬ፤ አልቆም አሉን!» ብሎ ጮኸ።

ሹሙ ሊቆጣ አፉን ሲከፍት አንዲት ንብ መጥታ እጅጌው ላይ አረፈች። እንደ ሐውልት ደረቀ። ላብ ከፎጣው ሥር ወረደ። «አንሺልኝ» አለ በሹክሹክታ። «አንሺልኝ እህቴ፣ በፈጠረሽ።»

የንብ እናት ቀርባ ጣቷን ከንቧ ፊት ዘረጋች። ንቧ ወደ ጣቷ ተሻገረች። «ደክሟት ነው እንጂ አትነካዎትም። ከእርስዎ አገር ተመልሳ መምጣቷ ነው። እግሯን ይዩት።»

ሹሙ በፍርሃትም ቢሆን አጎንብሶ አየ። በንቧ የኋላ እግሮች ላይ ሁለት ትናንሽ ቢጫ እንክብሎች ተለጥፈዋል።

«የፖም ነው?»

«የፖም ነው። የዛሬው የመጀመሪያው።»

ሰውየው ረጅም ተነፈሰ። ከዘራውን ሣሩ ላይ ጣለና በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። «ከማለዳ ጀምሮ የባለፖሞቹ ሽማግሌዎች ደጄን ለቅቀው አያውቁም። ‹ንቦቹ የታሉ? አበባው ባዶውን ሊረግፍ ነው› ይሉኛል። ምን ልበላቸው? የእኔም ሚስት ዛፎች አሏት፤ ትናንት ራት አልሰጠችኝም።»

«ዛሬስ ይሰጡዎታል።»

«እንዴት ብዬ ላስገባቸው? ሰንጠረዡ...»

«እኔ እኮ አስገቡልኝ አላልኩም ጌታዬ» አለች የንብ እናት፤ ንቧን ቀፎው ደጅ ላይ እያስቀመጠች። «አንዲቷም እርስዎ አገር አታድርም። ሲመሽ ሁሉም ተመልሰው እዚህ ነው የሚያድሩት።»

ሹሙ ቀና አለ። «ሁሉም?»

«ከሞተችው በቀር።»

«ጠዋት ይወጣሉ፤ ማታ ይገባሉ?»

«ሥራቸው እሱ ነው።»

ፎጣውን ከራሱ ላይ ገፎ ጣለው። ፊቱ በርቷል። «እንግዲያው ግጦሽ ነው! እኔ እዚህ ድልድይ ላይ ኅብረቱ ሳይፈጠር በፊት ወጣት ጠባቂ ነበርኩ እኮ። ያኔ የሁለቱም ዳርቻ ላሞች የሚግጡት እዚህ ደሴት ላይ ነበር። ለግጦሽ ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ ከብት አይቀረጥም፤ ይህን ለማስፈጸም በየማለዳው ማገጃ ያነሣሁት እኔ ነኝ! ደንቡን ማንም አልሻረውም። ኅብረቱ ሲመጣ የሚያስፈልገው ጠፋና ተረሳ እንጂ። ያንን ልጅ ጥሩልኝ!»

ያ ልጅ ያለው ሻምበሉን ነበር። ሁለቱ ሹሞች ማገጃዎቹ ከተተከሉ ወዲህ በወታደር እየተላላኩ እንጂ ፊት ለፊት ተገናኝተው አያውቁም። ሻምበሉ ቁልፎቹን ቆላልፎ፣ ቆቡን አስተካክሎ መጣና ሰላምታ ሰጠ። ሹሙ ባልዲው ላይ እንደተቀመጠ ነገሩን ሁሉ አስረዳው።

ሻምበሉ አሰበ። «በእኛ በኩልስ ደንቡ አልተሻረም?»

«ልጄ፣ ማን አስታውሶት ይሽረዋል? እናንተ የወጣችሁት ከኅብረቱ ነው። ድልድዩ ግን ከኅብረቱ በፊትም ነበር፤ የድልድዩ ደንብም እንደዚያው።»

«እሳቸው ግን ሲመለሱ...» ሻምበሉ ቀፎዎቹን አየ፤ ከዚያ የንብ እናትን አየ። ቀስ በቀስ ፈገግ አለ፤ ለካ ልጅ እግር ነበር። «ሲመለሱም ከግጦሽ የሚመለስ ከብት ናቸው። በረቱ ደግሞ ከከብቱ ጋር ነው የሚታየው። እናቴ፣ ቀፎዎችዎ ቀረጥ የለባቸውም።»

የንብ እናት ሣሩ ላይ ቁጭ አለች። ማልቀስ አማራት፤ የመጣላት ግን ሳቅ ነበር። ባለጋሪው በደስታ እየሮጠ መጣ፤ መሮጡም ጎዳው። ከንብ መሀል እጁን እያወራጨ የሚሮጥ ሰው ምን እንደሚያገኘው የታወቀ ነው። ጆሮው እንደ እንጉዳይ አበጠ። ሹሙ በሳቅ ከባልዲው ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ድልድዩ አፍ ላይ ሰልፉ እንዳለ ነበር። የቲማቲሙ ነጋዴ ጭነቱን ደፍቶ ተመለሰ። መስታወት ነጋዴው ሦስተኛ ጢሙን አሳድጎ ነው ያለፈው፤ በዚያ ዓመት ማዶ መስታወት የገዛ ሰው እንደ ውድ ጌጥ በሣጥን ነበር የሚቆልፍበት። ስምምነቱ የመጣው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ያን ቀን ያለፉት ንቦቹ ብቻ ነበሩ።

ከሰዓት በኋላ ማዶው ማገጃ ላይ «እማዬ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ልጅዋ ናት፤ ንቦቹን ዛፎቹ ላይ አይታ ከባሏ ጋር እየሮጠች መምጣቷ ነው። ጠባቂው መሣሪያውን አጋድሞ አስቆማት። የሰውም መተላለፊያ ፈቃድ ገና አልወጣም።

«ጌታዬ!» ብላ ሹሙን ጠራችው ከእንጨቱ ላይ አንገቷን አስግጋ። «እናቴን ልያት!»

«ምን ብዬ ልጄ? የሰው ደንብ አልመጣልኝም።»

«እስትንፋስ አለኝ አይደል? እኔም ጠዋት ወጥቼ ማታ እገባለሁ!»

ሹሙ ሻምበሉን አየው። ሻምበሉ ወንዙን አየ። «ግጪ እንግዲህ» አለ ሹሙ፤ ማገጃውም ተነሣ።

እናትና ልጅ ተቃቅፈው ቆዩ። ልጅቱ የእናቷን ሻሽ አሽታ «ጭስ ጭስ ትያለሽ» አለቻት፤ «አንቺ ደግሞ ፖም ፖም» አለቻት እናቷ። በየዓመቱ የሚባባሉት ይህንኑ ነው። ከዚያ ልጅቱ የጀልበኞቹን ቤት ዞራ አየች። ጣሪያው ደኅና ነው፤ ወለሉ ግን ባዶ ድንጋይ ነው።

«የት ልትተኚ ነው?»

«እዚሁ። ሸራውን አነጥፋለሁ።»

«በወገብሽ? መስኮቱ ጋ ያለውን አልጋሽን እኮ ከትናንት ወዲያ ነው አንጥፌ የጠበቅኩሽ!»

«ዘንድሮ አይሆንም የኔ ልጅ። እኔም እንደ ንቦቹ ማዶ ማደር አይፈቀድልኝም።»

ልጅቱ ባሏንና ባለጋሪውን በጥቅሻ ጠርታ ይዛቸው ሄደች።

ፀሐይ ስትጠልቅ ንቦቹ ከኮረብታው ይመለሱ ጀመር፤ እግራቸው በቢጫ ተሞልቶ፣ ከደጁ ሳይደርሱ ሣሩ ላይ እያረፉ። የንብ እናት እያንዳንዱን ቀፎ እየዞረች ታያለች። ሁለቱ ሹሞች አጠገቧ ተቀምጠው ሹሙ ስለድሮዎቹ ላሞች ያወራል፤ ሻምበሉ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጦ እያንቀላፋ ይሰማል። በዚህ መሀል ማዶው ማገጃ ላይ አንድ ግዙፍ ነገር ብቅ አለ። አማቿ በፊት፣ ባለጋሪው ያበጠ ጆሮውን እንደያዘ በኋላ፣ ከፍራሹና ከብርድ ልብሱ ጋር አንድ ሙሉ የእንጨት አልጋ ተሸክመዋል። ልጅቱ ትራሱን ታቅፋ ከጎን ትሄዳለች።

ጠባቂው አልጋውን አየና አለቃውን ፈልጎ ወደ ደሴቱ ተመለከተ። ሹሙም አየ። ተነሥቶ ከዘራውን አነሣ፤ ጀርባውን ለማገጃው ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮ ቆመ። አልጋው ደረጃውን እየተንገጫገጨ ወርዶ በኋላው እስኪያልፍ ድረስ ከውኃው ላይ ዓይኑን አላነሣም።

«ይኼኛውስ» አለ ሳይዞር፣ «መቼ ነው የሚመለሰው?»

«አበባው ሲረግፍ» አለች ልጅቱ።